የሰንዳፋው ባሕር

እትዬ ማኅደር ከግሪክ ደሴት የተመለሱ ዕለት፣
ስልካቸውን ዘርግተው አሳዩን ነጭ የተቀባ ቤት፤
በሩ ሰማያዊ፣
መስኮቱ ሰማያዊ፣
ከኋላው የተኛው ውኃ እሱም ሰማያዊ።
«ይኸንኑ ሥሩልኝ» አሉት መሐንዲሱን፣
«ወደ ሰንዳፋ አምጡት፣ ሳታጎድሉ ሞገሱን።»
ሞገሱን ነው ያሉት፤ እኔ ሞገዱን ሰማሁ፤
እሱ በምን ይጫናል እያልሁ ስንት ሌሊት አነጋሁ።

ቤቱ ተሠራ፣ ነጭ። ጠዋት ጠዋት ከጉሙ ጋር ተምታቶ፣
በሩ ብቻ ይታያል፣ አየር ላይ ተዘግቶ።
ክረምቱ ጭቃ እየረጨ፣ ኖራውን እስከ ጉልበቱ
ቡናማ ካልሲ ያለብሰዋል፤
እኔ ዘበኛው ቱፋ፣ መጥረጊያዬን ይዤ በየዕለቱ
ካልሲውን አወልቃለሁ።

ነሐሴ ሲገባ «ዕረፍት ልወጣ ነው» ብለው በረሩ።
እኛ ሰፈር «ዐረፈ» ከተባለ፣ ድንኳን ነው የሚተከለው፤
እሳቸው ግን ከዚያ ደውለው ሳቁ፤
በሕይወትም ማረፍ አለ ለካ፣ ለሚችል ሰው።

በስልኩ ባሕሩን አዞሩልኝ፤
የወይራ ዛፍ፣ ነጭ ደረጃ፣ እግራቸውን የሚልስ ውኃ አሳዩኝ።
«አንተስ ቤቴን አሳየኝ» አሉኝ፤ እኔም አዞርሁላቸው፤
ዝናብ ነበር፣ ጉም ነበር፣ በሩ ብቻ ታያቸው።
«ውኃው ጨው አለው ወይ?» አልኋቸው።
«አለው» አሉኝ፣ «ዓይን ያቃጥላል እንጂ ሌላማ ምን አጠፋ።»
«ታዲያ ለምን ይገቡበታል?» ብዬ ሳልጨርስ ኔትወርኩ ጠፋ።

አንድ እሑድ ፀሐይ ወጣች፤ ክረምቱ እንዴት እንደረሳት እንጃ።
ከግንባታ የተረፈ አሸዋ አለ፣ አጥሩ ሥር፣ ከበሩ ፊት፤
ሸራውን ገለጥሁት፤ ውስጡ ደረቅ፣ እጅ የሚያሞቅ።
አያንቱ ኮንጎ ጫማዋን አውልቃ፣
እግሯን እንደ ታጠበ ልብስ ፀሐይ ላይ አሰጣችው።
በአሥራ ሦስት ዓመት ትዳር
ተረከዟን በቀን ብርሃን ያየሁት ያን ዕለት ነው፤
ስንጥቅጥቅ፣ ግንቦት ላይ እንዳለ ማሳ፤
አሸዋው ገብቶ ሞላው።

«ባሕሩስ?» አለች ሌንሳ።
ስምንት ዓመቷ ነው፣ ነገር አያልፋትም።
«ባሕሩ ለገዳዲ ነው፣ ከዚያ ኮረብታ ጀርባ፤
ቧንቧው በእኛ ሥር አልፎ ከተማ ነው የሚገባ።»
«እኛ ጋ ለምን አይቆምም?»
«ይቸኩላል» አልኋት።
ቢጫ ጀሪካኗን አየች። አላመነችኝም።

ከዚያ ቆፈረች። እስከ ክርኗ፣ ደግሞ እስከ ብብቷ፤
አንዲት ነገር በጭብጧ ይዛ አሳየች ለእናቷ፤
ቀንድ አውጣ ጥላው የሄደች ቤት፣
ከጥፍር የማትበልጥ፣ ነጭ፣ በር የሌላት።
ከየትኛው ወንዝ ግርጌ፣ ከየትኛው ሐይቅ ተዝቃ፣
በአይሱዙ ተጭና፣ ኬላውን አልፋ፣ ዳገቱን ዘልቃ፣
ሳትሰበር ሰንዳፋ ደረሰች?
ጆሯችን ላይ እያደረግን ተቀባበልናት።
እኔ የሰማሁት ደሜን ይሁን ነፋሱን አላውቅም፤
አያንቱ ግን ዓይኗን ጨፍና፣
«ሞገዱ» አለች።

ሰኞ መኪና መጥቶ አሸዋውን ጫነው፣ ለሌላ ሰው ወለል።
ሌንሳ ትንሿን ቤት በሰማያዊው መስኮት ደፍ ላይ አኖረቻት።

መስከረም ሲጠባ እትዬ ማኅደር መጡ፣ ፊታቸው ጠይሞ፣
አንድ ፌስታል ሙሉ ዛጎል ይዘው፤
ሳሎን ውስጥ፣ በብርጭቆ ሳህን ዘረገፉት።
የመስኮቷንም አዩና «ይቺማ አምልጣኝ ነው» ብለው
ከነዚያ ቀላቀሏት።
አሁን እንግዳ ሲመጣ፣ ከሁሉ እሷን ይመርጣሉ፤
«በመጨረሻው ምሽት፣ ውኃው ዳር ያገኘኋት» ይላሉ።
በር ላይ ቆሜ እሰማለሁ። አላርምም።
ሌንሳ ስታልፍ ሳህኑን አየት ታደርጋለች፤
አያንቱም ማታ እግሯን ስትታጠብ፣
ከተረከዟ ስንጥቅ አንድ ሁለት ቅንጣት
አሁንም ይወጣል፤
ገበቴው ሥር ቁጭ ይላል፣ ውኃውን ስንደፋው እንኳ አይሄድም።